ግማሽ ቁም ሳጥን፦ የፀረ አድልዎ ሕግ ደባል እስከ መምረጥ ይደርሳል?

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

ባዶ ክፍል ያለው ሰው ደባል ሲፈልግ «ሴት ብትሆን እመርጣለሁ»፣ «ልጅ የሌለው ይሁን»፣ «በእምነት የምንግባባ ብንሆን» ማለቱ የተለመደ ነው፤ ሰሚውም ብዙ ጊዜ አይከፋም። ይህንኑ ቃል በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶችን የሚያከራይ ድርጅት ሲናገረው ግን አድልዎ ይባላል፤ በብዙ አገርም በሕግ ያስጠይቃል። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ ተናጋሪው ሲለወጥ ሕጉም የሚለወጥበትን ምክንያት በግልጽ ማስቀመጥ ከሚመስለው በላይ አስቸጋሪ ነው፤ ሕግ አውጪዎችም አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄውን ሳይነኩት ያልፋሉ።

ጥያቄውን ማለፍ ያልቻለ አንድ ፍርድ ቤት አለ። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ደባል ፈላጊዎችን ከክፍል ፈላጊዎች ጋር በሚያገናኝ ሩምሜትስ ዶት ኮም በተባለ ድረ ገጽ ላይ በ2003 የተጀመረ ክስ በ2012 መቋጫ አገኘ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የክሱ ጉዞ ረጅምና ጠመዝማዛ ነበር፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰውም በበይነ መረብ ድርጅቶች ተጠያቂነት ላይ የተሰጠውን መካከለኛ ውሳኔ ነው። እኔ እዚህ የምመዘግበው ግን በዚያ ክርክር ተሸፍኖ የቆየውን ሌላውን ጥያቄ ነው፦ ከማን ጋር አንድ ጣራ ሥር እንደምንኖር ስንመርጥ የፀረ አድልዎ ሕግ አብሮን ይገባል ወይስ ደጃፍ ላይ ይቀራል?

ዳራ፦ ሕጉ ምን ይላል፣ ምንስ አይልም

የአሜሪካ ፌዴራላዊ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ የተፈረመው ኤፕሪል 11 ቀን 1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሳምንቱ ነው። ሕጉ መጀመሪያ በዘር፣ በቆዳ ቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር ላይ የተመሠረተ አድልዎን ከለከለ፤ በ1974 ጾታ፣ በ1988 ደግሞ አካል ጉዳትና የቤተሰብ ሁኔታ፣ ማለትም ከ18 ዓመት በታች ልጆች ይዞ መኖር፣ ተጨመሩበት። የሚከለክለው ቤት መሸጥን ወይም ማከራየትን እምቢ ማለትን ብቻ አይደለም፤ ምርጫን ወይም ገደብን የሚያመለክት ማስታወቂያ ማውጣትንም ራሱን የቻለ ጥፋት ያደርገዋል።

ሕጉ የሚሠራው «መኖሪያ ቤት» ላይ ነው፤ ይህንም ቃል አንድ ወይም ከአንድ በላይ ቤተሰብ የሚኖርበት፣ ወይም እንዲኖርበት የታሰበ ሕንፃ ወይም «የሕንፃ ክፍል» ሲል ይተረጉመዋል። ብቻውን የሚኖር ሰውም በሕጉ ትርጉም ቤተሰብ ነው። ጠቡ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ «የሕንፃ ክፍል» ከሚል ሐረግ ነው፤ አንድ አፓርታማ የሕንፃ ክፍል መሆኑ አያከራክርም፤ በአፓርታማው ውስጥ ያለች አንዲት መኝታ ክፍልስ?

አንድ የታወቀ ልዩ ሁኔታ አለ፤ በልማድ «የወይዘሮ መርፊ» ይባላል። ወይዘሮ መርፊ በሕይወት የነበሩ ሰው አይደሉም፤ ሕጉ ሲረቀቅ በነበረው ክርክር ከገዛ ቤታቸው ትርፍ ክፍል የሚያከራዩ ባልቴት ምሳሌ ሆነው የቀረቡ ናቸው። በዚህ ልዩ ሁኔታ መሠረት ከአራት የማይበልጡ ቤተሰቦች ተነጣጥለው በሚኖሩበት ሕንፃ ውስጥ ባለቤቱ ራሱ የሚኖር ከሆነ ተከራዩን የመምረጥ ነጻነት ይኖረዋል። የማስታወቂያው ክልከላ ግን እሱንም ይመለከተዋል። በ1972 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ በሜሪላንድ የሚታተም ጋዜጣ «በነጮች ቤት» የሚከራይ ምድር ቤት አለ የሚል ማስታወቂያ በማውጣቱ ሕጉን ጥሷል ብሎ ወስኗል፤ አከራዩ ራሱ የመምረጥ ነጻነት ቢኖረው እንኳ ጋዜጣው ያንን ምርጫ ማሳተም አይችልም። ማድረግ ተፈቅዶ መናገር የተከለከለበት ይህ አቀማመጥ ላይ ላዩን ሲያዩት እንግዳ ይመስላል፤ ቁም ነገር ስላለው በኋላ እመለስበታለሁ።

ልዩ ሁኔታው «ባለቤት» ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲል እፈልጋለሁ። በትልቅ ሕንፃ ውስጥ አፓርታማ ተከራይቶ፣ ኪራዩ ስለከበደው ለሁለተኛዋ መኝታ ክፍል ደባል የሚፈልግ ሰው ባለቤት አይደለም፤ ሕንፃውም ከአራት ቤተሰብ በላይ ይይዛል። በደባልነት ከሚኖሩት ሰዎች ብዙዎቹ የሚገኙት በዚህ ሁኔታ ነው፤ የልዩ ሁኔታው ቃል ግን ስለ እነሱ ምንም አይልም። የካሊፎርኒያ ግዛት ሕግ በዚህ ረገድ ትንሽ ይሻላል። ራሱ በሚኖርበት የአንድ ቤተሰብ ቤት ከአንድ የማይበልጥ ሰው የሚያስገባ ባለቤት እንዲመርጥ ይፈቅዳል፤ የጋራ መኖሪያ በሚኖርበት ጊዜም ቤቱ ለአንድ ጾታ ብቻ ነው ብሎ ማስታወቅ አድልዎ እንደማይባል በግልጽ ይደነግጋል። በሌላ በኩል ግን ከፌዴራሉ ሕግ ሰፋ ብሎ የጾታ ዝንባሌንም ይጠብቃል።

ችግሩ፦ አንድ መጠይቅ

ድረ ገጹ በ2008 ወደ 150 ሺህ ገደማ ማስታወቂያዎች ነበሩት፤ በቀን አንድ ሚሊዮን ያህል ጊዜም ገጾቹ ይከፈቱ ነበር። ተመዝጋቢው ስሙን፣ አካባቢውንና የኢሜይል አድራሻውን ካስገባ በኋላ መጠይቅ ይቀርብለታል። ጾታውን፣ የጾታ ዝንባሌውን፣ ልጆች ይዞ ይመጣ እንደሆነም ከተዘጋጁት መልሶች አንዱን መርጦ መሙላት ግድ ነበር፤ ሳይሞላ ክፍል መፈለግም ክፍል ማስተዋወቅም አይችልም። ቀጥሎ የሚፈልገው ደባል በእነዚሁ ነገሮች ምን ዓይነት እንዲሆን እንደሚመርጥ ይጠየቃል፤ ለምሳሌ ስለ ልጆች «ከልጆች ጋር እኖራለሁ» ወይም «ከልጆች ጋር አልኖርም» ብሎ መምረጥ ይችላል። ድረ ገጹ ከመልሶቹ የተመዝጋቢውን ገጽ ያዘጋጃል፤ በመልሶቹም መሠረት ማን የማንን ማስታወቂያ እንደሚያይና ማን በኢሜይል እንደሚነገረው ይለያል። ከታች «ተጨማሪ አስተያየት» የሚል ባዶ ሳጥን አለ፤ እዚያ ሰው የፈለገውን ይጽፋል።

በሳን ፈርናንዶ ሸለቆና በሳን ዲዬጎ የሚሠሩ ሁለት የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ምክር ቤቶች (የቤት አድልዎን የሚከላከሉ ማኅበራት) የድረ ገጹን ድርጅት ከሰሱ። የክሱ ፍሬ ነገር ሦስት ነበር፦ መጠየቁ፣ የተሰጠውን ምርጫ ማተሙና በምርጫው መሠረት ማጣራቱ። የድርጅቱ ዋና መከላከያ በ1996 የወጣውና ድረ ገጾች ሌሎች ሰዎች ለጻፉት ነገር ተጠያቂ እንዳይሆኑ የሚከላከለው ሕግ ነበር።

ከሳሾቹ ሁለቱ ምክር ቤቶች ብቻ እንደነበሩ መመዝገብ አለበት። «ክፍል ጠይቄ ተከለከልሁ» ብሎ ስሙን ያስመዘገበ ከሳሽ አልነበረም። ይህ በጊዜው ትንሽ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ፍጻሜው ላይ ግን የራሱ ድርሻ ነበረው ብዬ አምናለሁ።

የተወሰዱት እርምጃዎች

የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በ2004 ድርጅቱን በ1996ቱ ሕግ ከለላ ነጻ አወጣው። ምክር ቤቶቹ ይግባኝ አሉ፤ በ2007 ሦስት ዳኞች ውሳኔውን በከፊል ሻሩት፤ ከዚያም ጉዳዩ 11 ዳኞች በተቀመጡበት በዘጠነኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሰፊ ችሎት እንደገና ታየ። ኤፕሪል 3 ቀን 2008 ስምንቱ ዳኞች በሦስቱ ላይ ወሰኑ፦ ድርጅቱ ራሱ ባዘጋጀው መጠይቅ፣ በመልሶቹ ባዘጋጀው ገጽና በማጣሪያው ከለላ የለውም፤ በባዶው ሳጥን ለሚጻፈው ግን ከለላ አለው። ምክንያቱ ለመረዳት ቀላል ነው። ደላላ ቤት ፈላጊን ፊት ለፊት ወይም በስልክ ሊጠይቀው የማይገባውን ነገር በኮምፒውተር ስለጠየቀ ሕጋዊ አይሆንለትም። ባዶ ሳጥን ያቀረበ ግን ምንም አልጠየቀም፤ የጻፈው ጻፊው ነው።

ከዚህ ውሳኔ ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ፣ ማርች 14 ቀን 2008፣ የሰባተኛው ምድብ ፍርድ ቤት በተመሳሳይ ክስ ክሬግስሊስት የተባለውን የማስታወቂያ ድረ ገጽ ነጻ አድርጎት ነበር፤ ክሬግስሊስት ባዶ ሰሌዳ እንጂ መጠይቅ አልነበረውምና ሁለቱ ውሳኔዎች አይጋጩም። ነገር ግን አብረው ሲነበቡ አንድ የሚያስገርም ነገር ይታያል። በሩምሜትስ ዶት ኮም ስለ ዘርና ስለ ሃይማኖት ሸካራ ቃል የሚገኘው በባዶው ሳጥን ውስጥ ነበር፤ እነ እገሌ እንዳይመጡ የሚል፣ የዚህ ዘር ወይም የዚያ እምነት ሰው ብቻ ይምጣ የሚል። መጠይቁ ስለ ዘርም ስለ ሃይማኖትም አልጠየቀም፤ የጠየቀው ጾታን፣ ዝንባሌንና ልጅን ነው። ስለዚህ የባሰው ንግግር ከለላ አገኘ፤ ለዘብ ያለው ሳይከለል ቀረ። በሕጉ አካሄድ ስህተት የለበትም፤ የከለላውን ጥያቄ ከአድልዎው ጥያቄ በፊት ያስቀደመ ክርክር ግን የሚያደርሰው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

ሰፊው ችሎት መጠይቁ በእርግጥ ሕግ ጥሷል ወይ የሚለውን አልወሰነም፤ ለሥር ፍርድ ቤቱ መለሰው። የሥር ፍርድ ቤቱ ሕግ ተጥሷል ብሎ ቋሚ እግድ ሰጠ፤ ከ490 ሺህ ዶላር በላይ የጠበቃ ወጪም ለምክር ቤቶቹ እንዲከፈል አዘዘ። ድርጅቱ በተራው ይግባኝ አለ።

የ2012 ውሳኔ

በፌብሩዋሪ 2012 ሦስት ዳኞች የተቀመጡበት ችሎት መጀመሪያ ሊጠየቅ ይገባ ወደነበረው ጥያቄ ደረሰ፦ ደባል መምረጥ በሕጉ ውስጥ ይወድቃል? መልሱ አይወድቅም የሚል ሆነ።

ችሎቱ በሕጉ ቃል ጀመረ። «መኖሪያ ቤት» ማለት ራሱን የቻለ መኖሪያ ነው፤ አንድን ቤት በውስጡ እየሸነሸኑ እያንዳንዱን ቁራሽ መኖሪያ ቤት ማለት ወዴት እንደሚያደርስ ለማሳየትም ዳኞቹ ጥያቄ ደረደሩ። መኝታ ክፍልና ማእድ ቤት የመጠቀም መብት ተደምረው አንድ መኖሪያ ቤት ናቸው? ሁለት ሰዎች አንድ መኝታ ክፍል ቢጋሩስ? የተደራራቢ አልጋ የታችኛው አልጋና የቁም ሳጥን ግማሽ መኖሪያ ቤት ሊባል ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለቀልድ ያህል የገባ ይመስላል፤ ነገር ግን ደባልነት ምን እንደሆነ ከብዙ ገጽ ትንታኔ ይልቅ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ግማሽ ቁም ሳጥን ተከራይ የሚኖርበት ቤት ሊሆን አይችልም፤ ሌላው ግማሹን ከያዘው ሰው ጋር የሚኖር ግንኙነት ነው።

ከዚያ ወደ ሕገ መንግሥቱ ተሻገረ። ሕጉ ሁለት ትርጉም ሊሰጠው የሚችል ከሆነ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የማይጋጨው ይመረጣል፤ የቅርብ ግንኙነትን በነጻነት የመመሥረት መብት ደግሞ ሕገ መንግሥታዊ ጥበቃ አለው። አንድ ግንኙነት በዚህ መብት ይጠበቅ እንደሆነ ለመለየት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 በሮተሪ ክለብ ጉዳይ ያስቀመጣቸው መለኪያዎች አሉ፦ የቡድኑ መጠን፣ ዓላማው፣ አባላቱን የሚመርጥበት ጥንቃቄና ሌሎችን ከግንኙነቱ ወሳኝ ገጽታዎች ማግለሉ። ደባልነት በእነዚህ ሲመዘን ከማኅበርና ከክለብ ይልቅ ወደ ቤተሰብ ይቀርባል። ደባል መውጫ መግቢያችንን ያያል፤ ገላችንን ስንታጠብ የምናንጎራጉረውን ይሰማል፤ ግማሽ ለብሰን ያገኘናል፤ ንብረታችን በእጁ ነው። በውሳኔው የተጠቀሱት ምሳሌዎችም በዚሁ መንገድ የሄዱ ናቸው፤ ሴት ለጨዋነት ወይም ለደኅንነት ስትል ሴት ደባል ልትመርጥ ትችላለች፤ የአመጋገብ ሥርዓቱን አጥብቆ የሚይዝ ኦርቶዶክስ አይሁዳዊ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከምግቡ አጠገብ የአሳማ ሥጋ እንዳያገኝ የእምነቱን ሰው ሊመርጥ ይችላል። እኔ አንድ ልጨምር፦ በ1974 በወጣ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ መሠረት አብሮ የሚኖር ሰው ፖሊስ የጋራውን ቦታ እንዲፈትሽ መፍቀድ ይችላል። በር ለመክፈት ይህን ያህል ሥልጣን የምንሰጠውን ሰው ራሳችን መምረጣችን ከቅንጦት የሚቆጠር አይደለም።

የካሊፎርኒያው ሕግም በተመሳሳይ መንገድ ተተረጎመ። ደባልን መምረጥ ካልተከለከለ በመረጣው መርዳትም አይከለከልም፤ ስለዚህ መጠይቁ፣ ገጹና ማጣሪያው ሕጋዊ ሆኑ፤ እግዱም የጠበቃ ወጪውም ተሻሩ።

የሠራውና ያልሠራው

የሠራው ወሰን አበጃጀቱ ነው። የወይዘሮ መርፊ ልዩ ሁኔታ የተመሠረተው በባለቤትነት ላይ ነበር፤ የ2012ቱ ውሳኔ ወሰኑን ወደ ጋራ ማእድ ቤትና መታጠቢያ አዛወረው። ይህ ለእውነታው የቀረበ ነው። የግል ሕይወትን የሚነካው አብሮ መኖር እንጂ የባለቤትነት ካርታ መያዝ አይደለም፤ ባለአራት ቤት ሕንፃ ያለው ባለቤት ከተከራዮቹ ጋር ምንም ሳይጋራ ነጻ ሲሆን፣ አንድ ማቀዝቀዣ የሚጋሩት ሁለት ተከራዮች ግን አልተጠቀሱም ነበር። የጀርመን የእኩል አያያዝ ሕግ (2006) ወደዚህ የተጠጋ መንገድ ይዟል፤ በተዋዋዮቹ መካከል ልዩ ቅርበት ወይም መተማመን የሚፈጥሩ ውሎችን ከክልከላው ያወጣና በአንድ ግቢ መኖርን በምሳሌነት ይጠቅሳል።

ያልሠራው ግን በርካታ ነው።

ለመምረጥ የቀረበው ምክንያት ለሁሉም የአድልዎ ዓይነት እኩል አይሠራም። ስለ ጨዋነት፣ ስለ ደኅንነት፣ ስለ ምግብ ሥርዓት የተነገረው ሁሉ ለጾታና ለሃይማኖት ይሠራል፤ ለቆዳ ቀለም ሲሆን ግን ባዶ ይቀራል። ሰው ከሌላ ዘር ሰው ጋር ማቀዝቀዣ ላለመጋራት የሚያቀርበው የጨዋነትም የጸሎትም የምግብም ምክንያት የለውም። ዳኞቹ ሕጉን በጠቅላላው ከደጃፍ መልሰውታልና ይህን ልዩነት የሚያስተናግድ ቦታ አልነበራቸውም፤ «መኖሪያ ቤት» የሚለው ቃል ለጾታ ጠብቦ ለዘር ሊሰፋ አይችልም። ውሳኔው የተመሠረተው ግን በሁለቱ የመኖሪያ ቤት ሕጎች ላይ ብቻ ነው። በ1866 የወጣና ዜጎች ሁሉ ንብረት በመግዛትና በመከራየት ነጮች ያላቸው መብት እንዲኖራቸው የሚደነግግ ሌላ ሕግ አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1968 ይህ ሕግ በግለሰቦች መካከል የሚፈጸም የዘር አድልዎንም እንደሚከለክል ወስኗል። ስለዚህ የ2012ቱን ውሳኔ ይዞ «በዘርም መምረጥ ተፈቀደ» ብሎ መደምደም ችኮላ ነው።

መምረጥና ማስታወቅም ተቀላቀሉ። ሕግ አውጪው በወይዘሮ መርፊ ጊዜ ሁለቱን ለይቷቸው ነበር፤ ምርጫው የግለሰብ ጉዳይ ሆኖ ማስታወቂያው የሕዝብ ጉዳይ ሆኖ ቀረ። ይህ አቀማመጥ ግብዝነት አለበት የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አስተዋይነት አያለሁ። ቤቱ ውስጥ የሚደረገው ምርጫ የሚነካው አንድን አመልካች ነው፤ ማስታወቂያው ግን የሚያነበውን ሁሉ «አንተ አትምጣ» ይለዋል። በ150 ሺህ ማስታወቂያዎች ላይ አንድ ዓይነት መጠይቅ ሲጫን ደግሞ ምርጫ ያልነበረው ሰው እንኳ እንዲመርጥ ይገፋል፤ ስለ ልጆች አስቦ የማያውቅ ሰው ጥያቄው ሲቀርብለት «አልኖርም» የሚለውን ይጫናል፤ አንዲት ልጅ ያላት እናትም ማስታወቂያውን ሳታየው ትቀራለች። «ምርጫው ሕጋዊ ከሆነ መርዳቱም ሕጋዊ ነው» የሚለው ድምዳሜ ከትርጉሙ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ይህችን እናት ግን አይመልስላትም።

ያቺ እናት በችሎቱ አልነበረችም፤ ከላይ ያልሁት የከሳሾች ጉድለት እዚህ ላይ ይታያል። ለግል ሕይወት የቀረቡት ምሳሌዎች ሁሉ መልክና ድምፅ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ገላዋን የምትታጠበው፣ የሚጾመው፣ የሚፈራው። በተከለከሉት ወገን የቀረቡት ሁለት ድርጅቶች ያወጡት ወጪና ያካሄዱት ምርመራ ነበር። ሚዛኑ እንዲህ ሲቀመጥ ወዴት እንደሚያዘነብል መገመት አይከብድም።

ጎን ለጎን የሚነበቡ ሁለት ጉዳዮች

በ1989 በዊስኮንሲን ግዛት በማዲሰን ከተማ አንድ ቤት የተከራዩ ሁለት ሴቶች ደባል ፈልገው አንዲት ሴት መረጡ፤ ቀብድም ተቀበሏት። ወዲያው ሌዝቢያን ከሆነች ሴት ጋር መኖር እንደማይመቻቸው ነግረው ሐሳባቸውን ለወጡ። የከተማው የእኩል ዕድል ኮሚሽን ጥፋተኞች ናቸው አለ፤ የግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በ1996 ውሳኔውን አጸና፤ ክፍል ለገንዘብ ሲያከራዩ የግል ሕይወት መከላከያቸውን ትተዋል በማለት። ከተማው ግን ነገሩ ከተፈጸመ ጥቂት ወራት በኋላ ደንቡን አሻሽሎ የደባል ምርጫን ከክልከላው አውጥቶ ነበር። የማዲሰኑ ፍርድ ቤት የተመለከተው ገንዘቡን ነው፤ የካሊፎርኒያው ማቀዝቀዣውን። ገንዘብ መለኪያ ከሆነ ኪራይ የሚጋራ ደባል ሁሉ ነጋዴ ይሆናል፤ ይህ አያሳምነኝም። የማዲሰኑ ጉዳይ ግን የካሊፎርኒያው ያጣው ነገር አለው፤ የተመረጠች፣ ቀብድ የከፈለች፣ ከዚያ የተመለሰች አንዲት ሴት።

በ2010 ደግሞ በሚሺጋን ግዛት በግራንድ ራፒድስ አንዲት ሴት በቤተ ክርስቲያኗ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ክርስቲያን ደባል እንደምትፈልግ የሚገልጽ ወረቀት ለጠፈች። አቤቱታ ቀረበባት፤ የፌዴራሉ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤትም የማስታወቂያውን ቦታና የደባልነቱን ግንኙነት ከግምት አስገብቶ አቤቱታውን ዘጋው። ሰሌዳው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሆኑ እዚህ ዋና ነገር ነው፤ ወረቀቱን የሚያነቡት አብዛኞቹ የተፈለገው ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ አንባቢን የሚያሳፍር ማስታወቂያ እንዳልሆነ ለማየት የሕግ ዕውቀት አያስፈልግም።

ወደ ሌላ ጉዳይ የሚሸጋገሩ ትምህርቶች

ለሚከሱም ለሚከሰሱም የመጀመሪያው ትምህርት የጥያቄ ቅደም ተከተል ነው። ክርክሩ በ2003 ተጀምሮ ድርጊቱ የተከለከለ ነው ወይ የሚለው የመጨረሻ መልስ ያገኘው በ2012 ነው፤ በመካከሉ የነበሩት ዓመታት በአብዛኛው ያለፉት ድረ ገጹ ከለላ አለው ወይ በሚለው ነው። ተከሳሹ በከለላ ሲከራከር ከሳሹ ተከትሎት ከሄደ መሠረቱ ሳይፈተሽ ግድግዳው ይቆማል፤ ምክር ቤቶቹም የተፈረደላቸውን ወጪ ያጡት በዚሁ ነው።

ሕግ ለሚያረቅ ሰው ደግሞ ደባልን በስሙ ጠርቶ መደንገግ ይጠቅማል። የካሊፎርኒያው ሕግ በጾታ ረገድ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ፌዴራሉ ግን ዝም በማለቱ «የሕንፃ ክፍል» የሚል ሐረግ ከአርባ ዓመት በላይ ሳይፈታ ኖረ። እኔ ባረቅሁት ኖሮ ማእድ ቤት ወይም መታጠቢያ የሚጋሩ ሰዎች እርስ በርስ ሲመራረጡ ከዘር በስተቀር ነጻ እንዲሆኑ፣ ለብዙ ሺህ ሰው መጠይቅ የሚያዘጋጅ አገናኝ ግን ማንነትን የሚጠይቅ የግዴታ ሳጥን እንዳይኖረው እደነግግ ነበር፤ ጾታን መጠየቅን ግን አልከለክልም። በባዶ ሳጥን የሚጽፍ ሰው የራሱን ቃል ራሱ ይሸከማል።

ደባል ለሚፈልግ ሰው ትምህርቱ ተግባራዊ ነው። አብዛኛው «እንዲህ ዓይነት ሰው» የሚለው ፍላጎት ሲመረመር ስለ አኗኗር ሆኖ ይገኛል። «ልጅ ያለው አልፈልግም» የሚለው ሰው የሌሊት ሥራ ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እተኛለሁ፤ ቤቱ ጸጥ ማለት አለበት» ብሎ ቢጽፍ የሚፈልገውን በትክክል ይገልጻል፤ ልጇ ቀን ትምህርት ቤት የምትውል እናትም ማስታወቂያውን አይታ መምጣት ትችላለች። ማጨስ፣ እንግዳ ማሳደር፣ የማእድ ቤት ሥርዓት፣ እንስሳ ማሳደግ እንዲሁ ይጻፋሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው፣ ለምሳሌ ሴት ከሴት ጋር መኖር መፈለጓ፣ በግልጽ ቢነገር የሚከፋው ጥቂት ነው።

የዘጠነኛው ምድብ ውሳኔ የሚያስገድደው በምዕራብ የሚገኙ ዘጠኝ ግዛቶችን ብቻ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ ሌላ ቦታ የሚኖር ሰው እንደ ምክር እንጂ እንደ ሕግ ሊያነበው አይገባም። በእነዚህ ግዛቶችም ቢሆን ውሳኔውን ከሁሉ በፊት ሊጠቀሙበት የሚሞክሩት ደባሎቹ ራሳቸው አይደሉም። ባለአራት መኝታ አፓርታማ ወስዶ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ለማይተዋወቁ ሰዎች የሚያከራይ ድርጅት አለ፤ «የምናከራየው ደባልነት ነው» ብሎ አመልካቾችን በዘር ወይም በልጅ ቢለይ ችሎቱ ከተናገረው ውስጥ የሚረዳው ነገር አላገኘሁም። ውሳኔው የጠበቀው በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎችን ምርጫ ነው፤ ይህ አከራይ ግን በዚያ ቤት አያድርም፤ ተከራዮቹም እርስ በርስ አልተመራረጡም።